ስንዝር ተኩል

ልጄ በወለደች በሁለተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሕፃኑም እናቱም ተኝተዋል። ባለቤቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወንበሩ ላይ አንገቷን ደፍታለች። ቡና ባገኝ ብዬ ወጣሁና ሊፍት ውስጥ ገባሁ፤ የትኛውን ቁጥር እንደተጫንኩ ልብ አላልኩም። በሩ ሲከፈት አፍንጫዬ ከዓይኔ ቀደመ። የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት፣ በረኪና፣ ከወጥ ቤት የሚመጣ የቅቅል ሽታ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የወለል ሰም። ምድር ቤት ነበርኩ።

ሆስፒታሉ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ግድግዳው ያኔ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነበር፤ ዛሬ ግራጫ ሆኗል። እንደ ንብ ይጮህ የነበረው ረጃጅሙ መብራት ድምፅ በሌለው ነጭ ተተክቷል። እግሬ ግን ምንም አልጠየቀኝም። ወደ ግራ ታጠፈ፣ የልብስ ጋሪዎቹን አለፈ፣ ወደ አሮጌው ሕንጻ ወደሚያሻግረው ዋሻ አመራ። የዚህን ኮሪደር እያንዳንዱን ክንድ፣ እርሳስና የሕንጻ ፕላን በእጄ፣ ሦስት ፔጀር በወገቤ ይዤ ሄጄበታለሁ።

ፔጀር ምን እንደሆነ ለልጆቼ እንኳ ማስረዳት አለብኝ። እኛ «ቢፐር» ነበር የምንለው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትል ጥቁር ነገር ናት፤ ቀበቶ ላይ ትንጠለጠላለች። የሚፈልግህ ሰው ስልክ ቁጥሩን ይልክባታል፣ ትጮኻለች፣ አንተ የሳንቲም ስልክ ፍለጋ ትሮጣለህ። እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ዙሪያ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ታክሲ የሚነዱት ወዳጆቻችን ሁሉም ነበራቸው። ከቁጥሩ ኋላ 911 ከተጨመረበት «ያለህበት ቁምና ደውል» ማለት ነው። አንድ ሌሊት ከአገር ቤት መርዶ መጥቶ፣ በዚያች ቁጥር ብቻ ስንቱ ታክሲ መንገድ ዳር እንደቆመ አልረሳውም።

በሐኪሞቹ ወገብ ላይ የነበረው ግን ሌላ ዓይነት ነው። የታክሲ ነጂው ፔጀር የከተማ ነው፤ ኩባንያ ማማ ተክሎ በየወሩ ያስከፍልበታል። የሐኪሙ የግቢ ነው። ሆስፒታሉ የራሱን ማሠራጫ በራሱ ግቢ ይተክላል፣ ከራሱ ኦፕሬተር ጠረጴዛ ለራሱ ሰዎች ብቻ ይጣራል። የእኔ እንጀራ ይህ ሁለተኛው ነበር። አዲስ አበባ በቴሌ ማሠልጠኛ የተማርኩት ሽቦ ስለሚሄድበት ስልክ ነው፤ ያለ ሽቦ የሚሄደውን ያስተማረኝ አለቃዬ ነው።

አለቃዬ የባልቲሞር ሰው፣ በቬትናም ጦርነት ሬዲዮ በጀርባው ተሸክሞ የዘመተ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሥራ የሚያስተምረው ታሪክ እየነገረ ነው። አል ግሮስ የተባለው ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያስመዘገበውን መሣሪያ በ1950 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለገለበት የኒው ዮርኩ የአይሁድ ሆስፒታል መሆኑን ከእሱ ሰማሁ። በ1956 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የግቢ ጥሪ የተከለው መልቲቶን የተባለው ኩባንያ፣ ከዚያ በፊት ጆሮ ለከበዳቸው ሰዎች ማዳመጫ ይሠራ እንደነበረም እሱ ነው የነገረኝ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር እስከ ዛሬ ደስ ትለኛለች። ሥራውን ከሰሚው ወገን የጀመሩ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ደጋግሞ ይለኝ ነበር፦ ፔጀር መልስ የለውም። ስልክ ሲነሳ «ሃሎ» ይባላል፤ ካልተነሳም አለመነሳቱን ታውቃለህ። ማሠራጫው ግን ይጣራና ዝም ይላል። ኦፕሬተሯ ቁጥሩን ጽፋ ስትልክ ስክሪኗ «ተልኳል» ይላታል። መድረሱን የሚነግራት የለም። ሐኪሙ ካልመጣ ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ ችላ ብሎ ይሁን መንገድ ላይ ሆኖ፣ በምን ታውቃለች? «ስለዚህ» ይለኛል፣ «እኛ አስቀድመን በእግራችን ሄደን ማወቅ አለብን።»

ይህን የነገረኝ ዕለት ያደግኩበት ጉለሌ ትዝ አለኝ። የሠፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚነሳው። መጀመሪያ ከዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ከዚያ ድልድዩ ላይ ይቆማል። ሲነፋ ረዘም አድርጎ ነው። ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ ሲናገርም ቃሉን ይስባል፣ በአንዱና በሌላው መካከል ትንፋሽ ይሰጣል። የእኛ ቤት ወንዙ አጠገብ ታች ነበር። በበጋ ከድልድዩ ይሰማናል። በክረምት ግን ወንዙ ይሞላል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ጡሩምባ ቢነፋ ዋሽንት ቢነፋ ለእኛ አንድ ነው። ጡሩምባ ነፊው ጋሼ ያን ያውቁ ነበር። በክረምት በጭቃው ቁልቁል ወርደው እያንዳንዱን በር በዱላቸው ይመቱ ነበር። አባቴ «ማነው?» ብሎ እስኪመልስላቸው ከደጃፉ አይንቀሳቀሱም። ልጅ ሆኜ ይህን ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር፤ ለካስ የሥራቸው ዋናው ክፍል እሱ ነበር።

የዚህን ሆስፒታል ማሠራጫ በራሴ ኃላፊነት ስተክል የመጀመሪያዬ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1997፣ ወሩ መጋቢት ነበር። አለቃዬ ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ ነበርና «ጀምረው» ብሎኝ ሄደ። እኔም ወጣት ነበርኩ፤ ትልቅ ነገር ትልቅ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆን ነጭ አንቴና ከሆስፒታሉ ጣሪያ ከፍተኛው ቦታ ላይ ተከልኩ። ኬብሉን ወፍራም አደረግሁ፤ ቀጭን ኬብል ጉልበት ይበላል፣ 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ከላክኸው ዋት ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የኃይል መለኪያውን አስገብቼ አየሁ፤ ወደ አንቴናው የሚሄደው ልክ ነው፣ የሚመለሰው ከምንም አይቆጠርም። መኪናዬን አስነስቼ ከሆስፒታሉ ብዙ ርቄ ገበያ አደባባይ ላይ ቆምኩ። ፔጀሩ ጮኸ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ታማሚ ልብ ቆመ። ኦፕሬተሯ ጠራች። ተረኛው ሐኪም ምድር ቤት ነበር፤ አልሰማም። እንደገና ጠራች። አልሰማም። አንዲት ነርስ ሊፍት ሳትጠብቅ በደረጃው ሮጣ ወርዳ ከማረፊያ ክፍሉ አወጣችው። ታማሚው ተርፏል። በማግስቱ ስጠራ ማንም አልጮኸብኝም፤ ኦፕሬተሯ ብቻ የጥሪውን መዝገብ አዙራ ጣቷን ከሁለቱ ሰዓቶች ላይ አሳረፈች። በመካከላቸው አራት ደቂቃ ነበር። ያን ቀን ከሕንጻው ሳልወጣ መሸ።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ ዛሬ በአንድ አረፍተ ነገር ልናገረው እችላለሁ። ረጅም አንቴና ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለውን እንደ ሊጥ ተጭኖ ወደ ዳር ያሰፋዋል። ሊጡ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር ከላይና ከታች ይሳሳል። የእኔ አንቴና ጥሪውን ወደ አድማስ እየላከ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ሕንጻ ከኩራዝ ሥር እንደሚሆን ጨለማ ትቶት ነበር። ገበያ አደባባይ ላይ የጮኸው ፔጀር እኮ ያንኑ ሲነግረኝ ነው፤ እኔ ነኝ እንደ ምሥራች የወሰድኩት። በዚያ ላይ ከጣሪያው እስከ ምድር ቤት ያለው ሁሉ አርማታ ነው፤ ፌሮው እንደ መረብ ተጠላልፎበታል። የራጅ ክፍሉ ግድግዳ እርሳስ ለብሷል። የሊፍቱ ሳጥን ብረት ነው።

እትዬን ያገኘኋቸው በዚያ ሌሊት ነው። የወሎ ሴት፣ ከአምሳ ዓመት ያለፉ፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ሻሽ ጠቅልለው ወለል የሚወለውለውን ማሽን የሚገፉ። ከልብስ ማጠቢያው ፊት ወለሉ ላይ ፕላን ዘርግቼ ተቀምጬ አዩኝ። ማሽኑን አጠፉት።

«ልጄ፣ የኛ ሰው ነህ አይደል? ምን ሆነህ ነው እንዲህ የተቀመጥከው?»

ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አልነግርም ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «አብሽር፣ ተነስ» አሉኝ። «የማይሰማበትን ቦታ ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ። ላይ ፎቅ የሐኪሙን ስም ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ወደዚህ ስወርድ ሰውየው ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ወገቡ ላይ ያለው ነገር ጸጥ ብሏል። ለማን ልንገር? ማን ይጠይቀኛል?»

ከዚያ መሩኝ። ከራጅ ክፍሉ ጀርባ ያለው መታጠፊያ። ከዕቃ ሊፍቱ ፊት። ከትልልቆቹ ማድረቂያዎች ኋላ። የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ ክፍል። የደረጃው ታች። ዋሻው ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተለማማጅ ሐኪሞች ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋደም የሚሉባት መስኮት የሌላት ክፍል። ከምህንድስና ክፍሉ በተሰጠኝ ፕላን ላይ ያቺ ክፍል «ዕቃ ማከማቻ» ተብላ ነበር የተጻፈችው። ሰው እንደሚተኛባት የሚያውቁት አልጋዋን የሚያነጥፉት እትዬ ናቸው።

አለቃዬ ሲመለስ ፕላኑን በቀይ እርሳስ ተሞልቶ አገኘው። ረጅም ጊዜ አየው። ስለ አንቴናዬ አንድ ቃል አልተናገረም። ወደ መስኮቱ ሄዶ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ አምስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ አሳየኝ። «ቤት ከጣሪያው ላይ ሆነህ አታበራም» አለኝ። «ማዶ ቁምና በመስኮቶቹ በኩል አብራ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። የማቆሚያው ተረኞች ያው የእኛው ልጆች ነበሩ፤ አንዱ የሕግ ተማሪ፣ አንዱ አገር ቤት አስተማሪ የነበረ። መሰላል ያዙልን። ነፋሱ ያፏጫል። አንቴናው አሁን አጭር ነው፣ ክንድ የማይሞላ፤ ፊቱን ወደ ሆስፒታሉ መስኮቶች አዞርነው። አለቃዬ ኬብሉን ከአንቴናው ጋር የምታገናኘዋን ጭንቅላት ሲያሽግ በዓይኔ እየተከተልኩ ተማርኩ። የጎማ ናስትሮውን ስፋቱ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ይስበዋል። ከታች ይጀምራል፣ ወደ ላይ ይጠመጥማል፤ እያንዳንዱ ዙር የበታቹን በግማሽ ይደርበዋል። እንደ ጎጆ ክዳን ማለት ነው፤ ሣሩ ከግርጌ ተጀምሮ ወደ ጉልላቱ ሲከደን ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል እንጂ አይገባም። ከዚያ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን እየተጫነ አየሩን አስወጣ። ኬብሉም ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደረገው፤ ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ እንዳይገባ፣ ከዚያች ጎባጣ ላይ ይንጠባጠባል። የጎማው ሽታ እስከ ማታ ከጣቶቼ አልለቀቀም። ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድ ዕቃ መደብር ያን ናስትሮ ስከፍት ያ ነፋስ ፊቴን መታኝ።

ለዋሻውና ለምድር ቤቱ ሌላ ዘዴ አመጣ። ሁለተኛ ትንሽ ማሠራጫ እዚያው ተክሎ፣ በውሃ ቱቦዎቹ ጎን ልብሱ በየቦታው የተበሳ ኬብል ዘረጋ። እንዲህ ያለው ኬብል ድምፁን ጫፉ ላይ ብቻ አያወጣም፤ እንደ ተበሳሳ የአትክልት ጎማ መንገዱን ሁሉ እያጠጣ ይሄዳል። ሁለቱ ማሠራጫዎች በአንድ ጊዜ እንዲናገሩ አልፈቀደም። ሁለት ሰው አንድ ቃል እኩል ካልጀመረ ለሰሚው ጫጫታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማዶው ይጣራል፣ ሲጨርስ የምድር ቤቱ ይደግመዋል።

ስለ ፍጥነቱም ተከራከርን። ጥሪው የሚሄድበት ቋንቋ ፖክሳግ ይባላል፤ ከእንግሊዝ ፖስታ ቤት የወጣ ነው። በሰከንድ 512 ቢት፣ 1200 ወይም 2400 መላክ ይቻላል። እኔ ፈጣኑን ፈለግሁ። እሱ 512 አለ። በዝግታ የተላከ ከደካማ ሲግናልም ይለያል። የጉለሌው ጋሼ ቃላቸውን ለምን ይስቡ እንደነበር በስንት ዓመቴ ገባኝ! በዚህ ቋንቋ ውስጥ የምወዳት ሌላም ነገር አለች። ከሁለት ሚሊዮን በላይ አድራሻ ይይዛል፤ ጥሪው በስምንት ስምንት ክፍል ተከፍሎ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ፔጀር ጆሮውን የሚከፍተው የእሱ ስም ሊጠራባት ለምትችለው ለአንዷ ክፍል ብቻ ነው። በቀሩት ሰባቱ ይተኛል። አንዲት ትንሽ ባትሪ ለሳምንታት የምትቆየው ለዚህ ነው። አሁን ፎቅ ላይ ያለችው ልጄም ኮሪደሩ ቢንጫጫ አትነቃም፤ ሕፃኑ ትንሽ ሲነጫነጭ ግን ዓይኗ ይገለጣል።

ከዚያ መራመድ ሆነ። አለቃዬ ኦፕሬተሯ አጠገብ ተቀምጦ በየግማሽ ደቂቃው ቁጥር ይልካል፤ 001፣ 002፣ 003። እኔ ሦስት ፔጀር ወገቤ ላይ አስሬ እሄዳለሁ። በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ ሐኪም ፔጀሩን ከፍ አድርጎ አይዞርም፣ ሰውነታችን ደግሞ ውሃ ስለሆነ ሲግናሉን ይጋርዳል። ስለዚህ በየቦታው ፊቴንም ጀርባዬንም አዙሬ እቆማለሁ። ሦስቱም ከጮኹ አረንጓዴ። ከሦስቱ አንዱ ዝም ካለ ቀይ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ አራት ሌሊት ሄድኩ። እትዬ ማሽናቸውን ከፊቴ እየገፉ አብረውኝ ይሄዱ ነበር፤ ቁጥሩን በአማርኛ ይቆጥሩልኛል፣ ሲጮህ «ተመስገን» ይላሉ።

የዕቃ ሊፍቱ ፊት ላይ ግን አስቸገረን። 114 ዝም። 115 ዝም። ትንሽ ፈቀቅ አልኩ፤ 116 ጮኸ። ትንሽ አለፍኩ፤ እንደገና ዝም። እትዬ ቀርበው፣ «ስንት ነው የተንቀሳቀስከው?» አሉኝ። ከአንዱ ዝምታ ቦታ እስከ ሌላው ዝምታ ቦታ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው ለኩት። አንድ ስንዝር። ከዚያ ጣታቸውን አጥፈው ግማሽ። «ስንዝር ተኩል! በስንዝር ተኩል ሰው ይጠፋል?»

ይጠፋል። እንጠቀምበት በነበረው የ450 ሜጋኸርትዝ ሠፈር የአንዱ ማዕበል ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ የመጣው ከብረቱ በር ነጥሮ ከመጣው ጋር ይገናኛል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይጣፋሉ። ከአንዱ ዝምታ እስከ ሌላው ዝምታ ግማሽ ማዕበል ነው፤ ይህም የእትዬ ስንዝር ተኩል ነው። የተበሳውን ኬብል አራት ሜትር ያህል አስረዝመን ወደ ሊፍቱ አስጠጋነው። 131፣ 132፣ 133። ሦስቱም ጮኹ። እርሳሱን ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ አረንጓዴውን ክብ እሳቸው ሠሩት፣ ጠማማ አድርገው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1998 ማታ ጋላክሲ 4 የተባለችው ሳተላይት መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሯ ተበላሽቶ ፊቷን ከምድር አዞረች። የከተማዎቹ ፔጀር ኩባንያዎች ጥሪያቸውን ወደየማማው የሚያደርሱት በእሷ በኩል ነበር። በመላ አሜሪካ ከአሥር ፔጀር ስምንቱ ያህል ዝም አለ። የእኔም የከተማ ነበር፤ ዝም ማለቱን እንኳ አላወቅሁም። ዝም ያለ ፔጀር የሚፈልገው ሰው ካጣ ፔጀር በምንም አይለይም። ዜናውን በቴሌቪዥን ሰምቼ መኪና አስነስቼ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በትክክል አላውቅም፤ የማደርገው ነገር አልነበረም። የግቢው ማሠራጫ ሰማይ አያይም፤ ከኦፕሬተሯ ጠረጴዛ እስከ ማዶው አንቴና አንድ ሽቦ ነው መንገዱ። ምድር ቤት ወርጄ እትዬን አገኘኋቸው። «ምን ሆኗል ዛሬ?» አሉኝ። «የሁሉም ወገብ ሲጮህ አመሸ።»

እትዬ ጡረታ ወጡ። እኔም ሥራ ቀየርኩ፣ ሠፈር ቀየርኩ። በበዓል ስልክ እንደዋወል ነበር፤ ከዚያ በፋሲካ ብቻ ሆነ። የሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ ገባ፤ ቢፐሮቹ በየመሳቢያው ቀሩ። የእኔ እድር መልእክት የሚያስተላልፈው አሁን በስልክ ቡድን ነው፤ ከአራት መቶ ሰው በላይ አለን። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የሚከራይ ክፍል፣ መልካም ልደት፣ አበባ፣ አበባ፣ አበባ። ድምፁን አጥፍቼው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ወደ ኋላ እየገለበጥኩ ሳነብ፣ ከሁለት የልደት ምኞት መካከል የእትዬን ስምና ፎቶ አየሁ። ቀብራቸው ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከሥሩ ትንሿ ምልክት መልእክቱ እንደደረሰኝ ትናገራለች።

ለቅሶ ደረስኩ። ልጃቸው አላወቀችኝም። «አብረን ሠርተን ነበር» አልኳት፤ ከዚያ በላይ እንዴት እንደምላት ጠፋኝ።

ዛሬ ሌሊት ከልጄ ክፍል መስኮት ወደ ማዶ አይቼ ነበር። የመኪና ማቆሚያው የለም፤ መስታወት የለበሰ ሕንጻ ቆሟል። የዛሬ መስታወት ሙቀት እንዲመልስ ስስ ብረት ይቀባል፤ ሬዲዮም አብሮ ይመልሳል። የእኛን አጭር አንቴና የት እንዳደረሷት አላውቅም። ነርሶቹ ደረታቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት ስልክ ነው የሚነጋገሩት። ፔጀር አልቆለታል ሲባል ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ መንግሥት በጤና አገልግሎቱ ውስጥ የነበሩት 130,000 ያህል ፔጀሮች በ2021 መጨረሻ ከሥራ እንዲወጡ ወስኗል። ስልኩና ኢንተርኔቱ ለሚቋረጥበት ክፉ ቀን ጥቂቶቹን ማቆየት ግን ፈቅዶ ነበር። ያን ሳነብ አለቃዬን አሰብኩ።

ዋሻው ውስጥ ቆሜ ቀና አልኩ። ቱቦዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ተቀብተዋል። ከቱቦዎቹ ጎን አንድ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ነገር ተያይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ግራጫ ቀብተውታል፤ ቀለሙ በተላጠበት ጥቁሩ ይታያል። የዕቃ ሊፍቱ ጋ ሲደርስ አራት ሜትር ያህል ይታጠፋል። ኤሌክትሪክ ይኑረው አይኑረው ከታች ሆኖ አይታወቅም።

ከሊፍቱ አጠገብ ባለው የመጠጥ ማሽን ፊት አንዲት ወጣት ሐኪም ቆማለች። ጫማዋ የጎማ ነው፣ ፀጉሯ በአንድ ወገን ተጨፍልቋል፤ ከእንቅልፍ መነሳቷ ነው። ሳንቲሟን እየቆጠረች ሳለ ወገቧ ጮኸ። ሰማችው፣ አየችው፣ ሳንቲሙን ማሽኑ ላይ ጥላ በደረጃው በኩል ሮጠች። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ላይ ፎቅ የበር ድምፅ ሰማሁ።

እጄ ኪሴ ውስጥ እርሳስ ሲፈልግ አገኘሁት።